የግዙፉ ጭላዳ የራስ ቅል

በገበያ ቀን በሬ ወይም በቅሎ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ምን ያደርጋል? አፉን ፈልቅቆ ጥርሱን ያያል። ሻጩ ገና ልጅ ነው ብሎ ቢምልም ገዢው ዝም ብሎ አይቀበልም። ጥርሱ ተበልቶ ካገኘው ዕድሜው ገፍቷል ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ከሆነ ደግሞ ገና ብዙ ይሠራል። እንስሳው አፍ አውጥቶ ባይናገርም ጥርሱ ይናገርለታል።

የሳይንስ ሰዎች ሥራም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ገበሬው የሚያየው በሕይወት ያለውን እንስሳ ጥርስ ነው። እነሱ የሚያዩት ግን ከብዙ መቶ ሺህ ዓመታት በፊት ሞቶ አጥንቱ ወደ ድንጋይነት የተለወጠውን ነው። እንዲህ ያለው ድንጋይ የሆነ አጥንት «ቅሪተ አካል» ይባላል። ቃሉ አዲስ ከሆነብን ለሁለት ከፍለን እናንብበው። ቅሪት ማለት የቀረ ነው። አካል ያው አካል ነው። ስለዚህ ቅሪተ አካል ማለት ከጥንት እንስሳ ወይም ተክል የቀረ አካል ነው።

ዛሬ የምናነበው ስለ አንድ የጠፋ ግዙፍ ዝንጀሮ ነው። ይህ ዝንጀሮ ለእኛ ባዳ አይደለም። የቅርብ ዘመዱ ዛሬም በአገራችን ተራሮች ላይ አለ። እሱም ጭላዳ ነው።

ጭላዳን ለደጋ ሰው ማስተዋወቅ ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ነገር ግን ይህን መጽሐፍ የቆላ ሰውም ያነበዋልና ጥቂት እንበል። ወንዱ ጭላዳ ከትከሻው ላይ እንደ ካባ የሚወርድ ጎፈር አለው። በደረቱ ላይ ፀጉር የሌለበት ቀይ ቦታ ይታያል። ሴቷም ይህ ቀይ ቦታ አላት። ቀኑን መሬት ላይ ቁጭ ብሎ በጣቶቹ ሣር እየነጨ ይበላል፤ አንዱን ቦታ ሲጨርስ ብድግ ሳይል በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሌሊቱን ገደል ላይ ያድራል። በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳ፣ በደብረ ሊባኖስ ገደሎች፣ ከስምጥ ሸለቆው ማዶም በአርሲ በኩል ይገኛል። ከኢትዮጵያ ውጪ በዱር የሚኖር ጭላዳ የለም። የሳይንስ ስሙ እንኳ ከአገሬው ቃል የተወሰደ ነው፤ ሩፔል የተባለ ጀርመናዊ በ1835 ሲመዘግበው ጌላዳ ብሎ ጻፈው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሌሎች ዝንጀሮዎች ፍሬ ይለቅማሉ፣ ሥር ይቆፍራሉ፣ ነፍሳት ይይዛሉ፣ ካገኙም ሥጋ ይበላሉ። ጭላዳ ግን የምግቡ አብዛኛው ሣር ነው። እኛ በምናስተምርበት አካባቢ እረኞቹ ጭላዳን ከዝንጀሮ ይልቅ ከከብት ይቆጥሩታል። እውነታቸውን ነው። ከጦጣና ከዝንጀሮ ወገን ሁሉ ሣር እየጋጠ የሚኖር እንደ እሱ ያለ ሌላ የለም። ይህን ልብ እንበል፤ በኋላ ወደዚሁ እንመለሳለንና።

አሁን ወደ ግዙፉ እንሂድ።

የግዙፉ ዝንጀሮ አጥንት በሳይንስ መጽሐፍ ስም ያገኘው በ1916 ነው። አጥንቱ የተገኘው በኬንያ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ አጠገብ፣ ካንጄራ ከሚባል ቦታ ነው። አንድሩስ የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ መረመረውና ኦስዋልድ በተባለ የመሬት ተመራማሪ ስም ሰየመው። በዚያን ጊዜ ከሌሎች ዝንጀሮዎች የተለየ ወገን ነው ተብሎ ነበር። እያደር ግን ብዙ የራስ ቅሎች ተገኙ። እነዚህን ከጭላዳ የራስ ቅል ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው ሲያስተያዩ ነገሩ ተለወጠ። ጥርሱም፣ የፊቱ አሠራርም፣ የመንጋጋው አቋቋምም የጭላዳ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ስሙን ከጭላዳ ጋር አንድ አደረጉት። ዛሬ ቴሮፒቴከስ ኦስዋልዲ ይባላል። የመጀመሪያው ቃል የወገኑ ስም ነው፤ ጭላዳም ቴሮፒቴከስ ነው። ሁለተኛው ቃል የራሱ መለያ ነው። የአባት ስም አንድ ሆኖ የልጅ ስም እንደሚለያይ ማለት ነው።

ለመሆኑ ምን ያህል ግዙፍ ነበር? ዛሬ ያለው ወንድ ጭላዳ ወደ 20 ኪሎ ይመዝናል። ሴቷ ከዚያ ታንሳለች፤ ከ11 እስከ 12 ኪሎ ገደማ ናት። የኋለኛው ዘመን ቴሮፒቴከስ ኦስዋልዲ ወንዱ ከ60 ኪሎ በላይ እንደነበር ይገመታል። ከሁሉ የገዘፉት ወደ 100 ኪሎ ሳይጠጉ አልቀሩም። መቶ ኪሎ ማለት አንድ ኩንታል እህል ነው። አንድ ኩንታል የሚመዝን ጭላዳ ቁጭ ብሎ ሣር ሲነጭ በሐሳባችሁ ሣሉት!

ማን መዘነው? የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። የሞተውን ሚዛን ላይ ያወጣ የለም። ሊቃውንቱ በሕይወት ያሉትን የዝንጀሮ ወገኖች ጥርስና አጥንት ለክተው ከየክብደታቸው ጋር ያመሳክራሉ። ቀንበሩን አይቶ የበሬውን ትከሻ እንደመገመት ነው። ግምት ስለሆነም አንዱ ሊቅ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ያደርገዋል። ከዛሬው ጭላዳ ብዙ እጥፍ መግዘፉ ግን አያከራክርም።

ይህ እንስሳ ይኖር የነበረው በኬንያ ብቻ አይደለም። በአገራችን በኦሞ፣ በኮንሶና በአዋሽ ሸለቆ የእሱ ቅሪተ አካል ተገኝቷል። በሐዳር ደግሞ፣ ድንቅነሽ በ1974 በተገኘችበት ምድር፣ ከእሱ የሚቀድሙና በአካል የሚያንሱ የጭላዳ ወገኖች ወጥተዋል። በታንዛኒያ ኦልዱቫይ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በሰሜን በኩል እስከ አልጄሪያ ድረስ ነበር። ከአፍሪካም አልፎ በስፔንና በህንድ ቅሪቱ ተገኝቷል። ዛሬ በአንድ አገር ተራሮች ላይ ብቻ የቀረው ወገን ያኔ ከአህጉር አህጉር ተንሰራፍቶ ነበር።

እዚህ ላይ አጥንት እንዴት ድንጋይ እንደሚሆን በአጭሩ እንይ። ብዙውን ጊዜ የሞተ እንስሳ በጅብና በጥንብ አንሣ ይበላል፤ አጥንቱም በፀሐይና በዝናብ ይፈራርሳል። አልፎ አልፎ ግን አንዱ በሐይቅ ዳር ወይም በወንዝ አፋፍ ይሞትና ቶሎ ደለል ይለብሰዋል። በደለሉ ውስጥ የሚያልፈው ውሃ የሟሟ ማዕድን ይዞ ወደ አጥንቱ ይገባል። በብዙ ሺህ ዓመት ውስጥ አጥንቱ ቅርጹን ሳይለቅ ይደነድናል። በላዩም ሌላ ደለል፣ በዚያም ላይ ሌላ ይነባበራል። አንዳንዴም እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ በመካከል ይተኛል። ይህ አመድ ትልቅ ጥቅም አለው። በውስጡ ያለ አንድ ንጥረ ነገር በታወቀ ፍጥነት ቀስ እያለ ወደ ሌላ ይለወጣል። ምን ያህሉ እንደተለወጠ ሲለካ አመዱ ከወደቀ ስንት ዘመን እንደሆነው ይታወቃል። ከአመዱ በታች ያለው አጥንት ከአመዱ ይቀድማል፤ ከበላይ ያለው ይከተላል። በመጨረሻ መሬቱ ይሰነጠቅና ከፍ ዝቅ ይላል። ጎርፍም አፈሩን ይሸረሽራል። ያ ማሳችንን እየጠረገ የሚያስለቅሰን ጎርፍ በሌላ ቦታ የተቀበረውን የራስ ቅል ያወጣዋል።

የራስ ቅሉ ወጣ እንበል። ምን ይነበብበታል?

ከመንጋጋ ጥርሱ እንጀምር። የእህል ወፍጮ ያለባት እናት ይህን ከማንም በላይ ትረዳዋለች። ወፍጮ ሲለሰልስ እህሉን ማንሸራተት ይጀምራል። ያኔ ይወቀራል። ሻካራ ሲሆን እንደገና ይፈጫል። ጥርስም ወፍጮ ነው፤ የሚወቅረው ግን የለም። ታዲያ ግዙፉ ጭላዳ ዕድሜ ልኩን ሣር ሲፈጭ ጥርሱ ለምን አልለሰለሰም?

መልሱ ጥርሱ ውስጥ አለ። ጥርስ ከሁለት ነገር የተሠራ ነው። ከላይ ነጭና በጣም ጠንካራ ሽፋን አለ። ከሥሩ ያለው ከዚያ ይለሳልሳል። የጭላዳ ወገን መንጋጋ ጥርስ ላይ ሽፋኑ ሜዳ አይደለም፤ እየተጣጠፈ ወደ ውስጥ ይገባል፣ በመካከሉም ጥልቅ ጉድጓዶች አሉት። ሣሩን ሲያኝክ ለስላሳው ክፍል ቶሎ ይበላል፤ ጠንካራው እጥፋት ግን እንደ ስለት ቆሞ ይቀራል። በተበላ ቁጥር አዲስ ስለት ይወጣዋል። ራሱን በራሱ የሚወቅር ወፍጮ በሉት። የሰው ጥርስ እንዲህ አይደለም፤ ምላሳችሁን በመንጋጋ ጥርሳችሁ ላይ ብታስኬዱት ድቡልቡል ጉብታዎች ታገኛላችሁ። እንዲህ ያለው ጥርስ ለተደባለቀ ምግብ ይመቻል። ለሣር አይመችም።

ጥርሱ ደግሞ ረጅም ነው። ሣር በውስጡ እንደ አሸዋ ያለ ደቃቅ ነገር አለው። ሣር ያጨደ ሰው እጁን እንዴት እንደሚቆርጠው ያውቃል። ከሥሩ የሚነጨው ሣርም አፈር ይዞ ይመጣል። ይህ ሁሉ ጥርስ ይበላል። አጭር ጥርስ ቶሎ ያልቅና እንስሳው ይራባል። ረጅም እርሳስ ደጋግሞ ቢቀረጽም ለብዙ ጊዜ እንደሚያገለግል ሁሉ ረጅም ጥርስም ዘመን ያስቆጥራል። ከቀደሙት የጭላዳ ወገኖች ወደ ኋለኞቹ ስንመጣ የመንጋጋ ጥርሱ እየተለቀና እጥፋቱ እየተወሳሰበ ሄዷል። ከሣር ጋር ያለው ነገር እየጠበቀ መምጣቱን ከዚህ እንረዳለን።

አሁን ከጥርስ ወደ ጡንቻ እንለፍ። ጡንቻ በስብሶ ይጠፋል፤ ድንጋይ ሆኖ አይቀርም። እንዴት ይታወቃል ታዲያ? እስቲ መጽሐፉን በአንድ እጃችሁ ያዙ። የሌላውን እጅ ጣቶች በዓይናችሁና በጆሮአችሁ መካከል አድርጉ። ከዚያ ጥርሳችሁን ግጠሙ፣ ፈታ አድርጉ፣ እንደገና ግጠሙ። ከጣታችሁ ሥር የሚያብጥ ነገር አለ አይደል? የማኘኪያ ጡንቻ ነው። ከራስ ቅል ጎን ተነሥቶ በጉንጭ አጥንት ሥር ያልፍና የታችኛውን መንጋጋ ይይዛል። ጡንቻ አጥንት ላይ በተጣበቀበት ቦታ ሻካራ ምልክት ይተዋል። እኛ ጡንቻው ትንሽ ስለሆነች የራስ ቅላችን ጎን ይበቃታል። በግዙፉ ወንድ ጭላዳ ግን የራስ ቅሉ ጎን አልበቃም። ከግራና ከቀኝ የመጡት ጡንቻዎች በአናቱ ላይ ይገናኙና በመካከላቸው የአጥንት ሸንተረር ይሠራል። ሸንተረሩ የጡንቻው ድንበር ነው። በጉንጭ አጥንቱና በራስ ቅሉ መካከል ያለው ቀዳዳም ይለካል። ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ በውስጡ ያለፈው ጡንቻ ወፍራም ነበር ማለት ነው። ጠፍሩን ባናይ ከቀዳዳው ስፋት ውፍረቱን እንደማወቅ ነው።

ጡንቻው የተጣበቀበት ቦታም ራሱን የቻለ ትርጉም አለው። ጠንካራ ነገር በመቀስ ስንቆርጥ ወደ መጋጠሚያው አስጠግተን እንቆርጣለን። ጉልበቱ እዚያ ነውና። በግዙፉ ጭላዳ ጡንቻው ወደ ፊት ተስቦ ጉልበቱ መንጋጋ ጥርሶቹ ላይ እንዲያርፍ ሆኗል። የታችኛው መንጋጋ ወደ ላይ የሚወጣበት ክንድ ረጅምና ቀጥ ያለ ነው፤ ስለዚህ ጥርሶቹ ሁሉ ባንድነት ይገጥማሉ፣ እንደ ወፍጮና እንደ መጁ። ነገር ግን ትርፍ ያለ ኪሣራ አይገኝም። ጡንቻው ወደ ፊት ሲመጣ አፍ እንደ ልብ አይከፈትም። የፊት ጥርሶቹ ትንንሾች ናቸው፤ ፍሬ ለመግመጥ የሚፈልጋቸው የለም፣ ሣሩን የሚነጨው በእጁ ነውና። የኋለኞቹ ወንዶች ክራንቻም ከግዝፈታቸው ጋር ሲነጻጸር አንሷል። እኛ ግዙፍ ሲባል አስፈሪ ክራንቻ ያለው አውሬ ነበር የጠበቅነው። የራስ ቅሉ የሚያሳየው ግን ሲያኝክ የሚውል ሣር በል ነው።

ከዚሁ ወገን ሌላ ዓይነት በኦሞ ተገኝቷል። ቴሮፒቴከስ ብረምፕቲ ይባላል፤ ስሙን በ1947 ያወጣለት አራምቡርግ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። የዚህኛው ጉንጭ አጥንት ወደ ጎንና ወደ ፊት ተወርውሮ ፊቱን ከሰፌድ ጋር ያመሳስለዋል። የኖረው በወንዝ ዳር ጫካ አካባቢ ነው። ዘመኑ ከኦስዋልዲ ይቀድማል። ጫካው ሲሳሳና ሜዳው ሲሰፋ እሱ ጠፋ፤ የሜዳው ዘመዱ በዛ።

ጥርስ ከቅርጹ ሌላ በውስጡ የያዘው ምስክርም አለ። ይህን ስንማር እኛም ገርሞናል። ተክሎች አየር ውስጥ ያለውን ካርቦን የሚወስዱበት መንገድ ሁለት ዓይነት ነው። ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳና የቆላ ሣር በአንድ ወገን ናቸው። ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ዛፍና ቁጥቋጦ በሌላ ወገን ናቸው። ካርቦን ደግሞ ቀለል ያለና ከበድ ያለ አለው። ሁለቱ የተክል ወገኖች ከበድ ያለውን በተለያየ መጠን ይይዛሉ። እንስሳው ተክሉን ሲበላ ይህ መጠን ወደ ጥርሱ ሽፋን ይገባና እዚያው ታትሞ ይቀራል። ከጥርሱ ላይ ጥቂት ዱቄት ፍቆ በመሣሪያ መመርመር ነው። ሊቃውንት በ2013 ባወጡት ጥናት ከኬንያ የተገኙትን የጭላዳ ወገን ጥርሶች መርምረዋል። ከ4 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበሩት እንኳ ከምግባቸው የሚበዛው ከቆላ ሣር ወገን ነበር። ድርሻው እየጨመረ መጥቶ ከ1 ሚሊዮን ዓመት በፊት ምግባቸው ሁሉ ከዚያው ወገን ለመሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። የጥርሱ ቅርጽ ያለውን ካርቦኑ ደገመው። አንድ ምስክር ቢሆን እንጠራጠር ነበር፤ ሁለት ምስክሮች ሳይመካከሩ አንድ ቃል ሲሰጡ ግን ይታመናል።

የራስ ቅል ባዶ ዕቃ ነውና የአንጎሉንም ልክ ይነግራል። የግዙፉ ጭላዳ ሰውነት በዘመናት ውስጥ ሲገዝፍ አንጎሉ በዚያ መጠን አላደገም። በዚያው ዘመን፣ በዚያው ሐይቅ ዳር፣ የእኛ የቀድሞ ዘመዶች ይኖሩ ነበር። የእነሱ የራስ ቅል ሲታይ መንጋጋው እያነሰ አንጎሉ እያደገ መጥቷል። አንዱ ወገን በወፍጮው፣ ሌላው በአንጎሉ ለማደር ሄደ።

የራስ ቅሉ የማይነግረን ብዙ ነገር አለ። ግዙፉ እንደ ዛሬው ጭላዳ ደረቱ ቀይ ይሁን፣ ጎፈሩ ምን ዓይነት ቀለም ይኑረው፣ ድምፁ ምን ይምሰል፣ አጥንት ላይ አልተጻፈም። ሠዓሊዎች ሥዕሉን ሲሥሉ ከጭላዳ ወስደው ነው። ጥሩ ግምት ነው፤ ግን ግምት ነው።

የራስ ቅል ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚታወቀው ባልተገኘበት ጊዜ ነው። በእስያ ከጭላዳው እጅግ የሚበልጥ ሌላ ግዙፍ ነበር። ጂጋንቶፒቴከስ ይባላል። የተገኘበት መንገድ አስገራሚ ነው። ፎን ኮኒግስቫልድ የተባለ ሊቅ በ1935 በሆንግ ኮንግ ከአንድ መድኃኒት ቤት ትልቅ መንጋጋ ጥርስ ገዛ። ቻይናውያን ባህል ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ጥርስ የዘንዶ ጥርስ እያሉ ፈጭተው ለበሽተኛ ይሰጡ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደ 2,000 የሚጠጋ ጥርስና አራት የታች መንጋጋ ተገኝቷል። ሙሉ የራስ ቅል ግን የለም። ምክንያቱም፣ እንደሚታመነው፣ ጃርቶች በዋሻው ውስጥ አጥንቱን ቆርጥመውታል። ጃርት ለሊቃውንቱ ጠላት ሆነ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ፊቱ ምን ይመስል እንደነበር፣ አንጎሉ ምን ያህል እንደነበር፣ በትክክል ምን ያህል እንደሚመዝን አይታወቅም። ዘመዱ ማን እንደሆነ እንኳ ሲያከራክር ቆይቶ በ2019 ነው ከጥርሱ ውስጥ በወጣ ፕሮቲን የኦራንጉታን ወገን መሆኑ የተረጋገጠው። ኦራንጉታን በሩቅ ምሥራቅ ደኖች የሚኖር፣ ጭራ የሌለው፣ ቀይ ፀጉር ያለው የዛፍ እንስሳ ነው። በ2024 የወጣ ጥናት ጂጋንቶፒቴከስ ከ295 ሺህ እስከ 215 ሺህ ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ እንደጠፋ ያሳያል። ደኑ ሲለወጥ ምግቡን መለወጥ አልቻለም።

የእኛስ ግዙፍ ምን አጠፋው? አንድ መልስ የለም። በኬንያ ከናይሮቢ ደቡብ ምዕራብ ኦሎርጌሳይሊ የሚባል ቦታ አለ። በጥንት ሐይቅ ዳር ብዙ መቶ የድንጋይ መጥረቢያዎች ከግዙፍ ጭላዳዎች አጥንት ጋር ተደባልቀው ተገኝተዋል። ዕድሜው ወደ አንድ ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። አጥንቶቹ ሲቆጠሩ ከ50 የማያንሱ እንስሳት ናቸው፤ ግልገሎችም አሉበት። በ1981 አንዳንድ ሊቃውንት የአጥንቶቹን አሰባበር መርምረው የጥንት ሰዎች አርደው በልተዋቸዋል ሲሉ ጻፉ። በተከታዩ ዓመት ሌሎች ተነሡና ማስረጃው አይበቃም፣ ጎርፍና አውሬም እንዲህ ሊያደርግ ይችላል ብለው ተከራከሩ። ሌሎች ደግሞ የአየሩን ጠባይ መለዋወጥ ያነሣሉ። ሣሩ ሲደርቅ ከሜዳ ሣር በሎች፣ ከሚዳቋውም ከአሣማውም ወገን፣ ጋር መሻማት ነበረበት። እነሱ ሣር ፍለጋ ሩቅ ይሄዳሉ፤ አንድ ኩንታል የሚመዝን ዝንጀሮ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ የት ይደርሳል? እኛ ሁለቱም ምክንያቶች ተባብረው ሳይሆን አይቀርም ባዮች ነን። አንድ ምግብ ብቻ የያዘ እንስሳ፣ በላዩ አዳኝ ከመጣበት፣ ማምለጫው ጠባብ ነው።

ይህ ክርክር የሚዳኘው አዲስ ቅሪተ አካል ሲገኝ ነው። ቅሪተ አካልን መጀመሪያ የሚያየው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሊቅ ሳይሆን እረኛ ወይም ገበሬ ነው። ማሳ ሲታረስ፣ እርከን ሲሠራ፣ ጉድጓድ ሲቆፈር፣ ወይም ከጎርፍ በኋላ በሸለቆ ስናልፍ አጥንት የሚመስል፣ ሲይዙት ግን እንደ ድንጋይ የሚከብድና የሚቀዘቅዝ ነገር ሊገጥመን ይችላል። ያኔ አናንሳው። ከቤት ወስደን ብናስቀምጠው ደግ ያደረግን ይመስለናል፤ ነገር ግን አጥንቱን ከዕድሜው ለያየነው ማለት ነው። ቅድም እንዳልነው ዕድሜውን የሚናገረው የተኛበት አፈርና አመድ ነው። ቀኑ የተቀደደ ደብዳቤ ቢነበብም መቼ እንደተጻፈ አይታወቅም። ቦታውን በድንጋይ ክምር ምልክት አድርገን፣ ዝናብ እንዳይመታው ሸፍነን፣ ለቀበሌ ብንናገር ይበቃል። ከዚያ በላይ ያለው ለባህልና ለቅርስ ሠራተኞች ነው። በአገራችን የተገኙ ቅሪተ አካላት በአዲስ አበባ በብሔራዊ ሙዚየም ይጠበቃሉ።

አሁን ወደ ጭላዳ እንመለስ። ከዚያ ሁሉ ወገን የቀረው እሱ ብቻ ነው። የተረፈውም ሌላው ወገኑ ባልነበረበት ከፍታ ላይ ነው። ግዙፉ የኖረው በሞቃት ሸለቆና ሐይቅ ዳር ነበር፤ ጭላዳ ግን ከ1,800 ሜትር በላይ፣ እስከ ውርጩ አገር ድረስ ይኖራል። ምግቡ ግን አልተለወጠም፤ ያው ሣር ነው። በበጋ ሣሩ ሲደርቅ የሣሩን ሥር በእጁ እየቆፈረ ያወጣል።

ለገበሬው ይህ ራስ ምታት ነው። መሬት እየጠበበ ሲሄድ እርሻ ወደ ተራራው ይወጣል፤ ከብቱም ይከተላል። ጭላዳው ከሚግጠው ሜዳ ሲገፋ አዝመራው ውስጥ ይገባል። ገብስም ሣር ነው እኮ! እሸት ሲሆን ልጆች ከጎሕ እስከ ምሽት ማሳ ሲጠብቁ ይውላሉ፤ ከትምህርት ቤት ይቀራሉ። ጭላዳን መጥላት የመጣው ከዚህ ነው፤ በተራበ ቤት ፊት ይህን ጥላቻ ነውር ነው የምንልበት አፍ የለንም።

በመንዝ ጓሳ ግን ሌላ ነገር ታይቷል። የአካባቢው ሰው ሜዳውን በአባቶች ሥርዓት ለረጅም ዘመን በጋራ ሲጠብቀው ኖሯል። ሣሩ የሚታጨድበትና ከብት የሚገባበት ጊዜ የተወሰነ ነበር፤ ለተወሰኑ ዓመታት ተከልሎ የሚቆይበትም ጊዜ ነበር። ጓሳው ለቤት ክዳንና ለገመድ ይሆናል። ይህ ሲጠበቅ ለሰው ክዳን ተብሎ ነው እንጂ ለጭላዳ ተብሎ አይደለም። ሆኖም ሣሩ ባለበት ጭላዳው አለ። ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ በመቶ የሚቆጠሩት ከገደሉ ይወጡና ሜዳው ላይ ተሰማርተው እየነጩ ይውላሉ።